«የሚታመን ከሆነ» ማለት ውሸታም ነው ማለት አይደለም

ስለ ኤልዛቤት ስትራይድ ግድያ የጻፉትን ረጅም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ። ከዚያ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ። እንደደከሙበት ያስታውቃል፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ግን የፖሊስ መዝገቡን ያላለውን አስብለውታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። በአራት ቦታ ሆነብኝ፤ አራቱም ደግሞ አንድን ምስኪን ስደተኛ ውሸታም የሚያደርጉ ናቸው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1888፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ምሥራቅ ለንደን በርነር ስትሪት ውስጥ አንድ ሰው በጋሪ ወደ ግቢ ሲገባ ፈረሱ ደንግጦ ወደ ጎን አለበት። ወርዶ ሲያይ መሬት ላይ አንገቷ የተቆረጠ ሴት አለች። ስዊድን የተወለደች የ44 ዓመት ሴት ናት። የገደላት በዚያ ሰሞን ከተማውን ያሸበረው «ጃክ ዘ ሪፐር» የተባለው ሰው ነው ወይስ ሌላ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሬሳዋ ከመገኘቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ኢስራኤል ሽዋርትዝ የሚባል እንግሊዝኛ የማይችል ሃንጋሪያዊ ስደተኛ በዚያው በር ላይ አንድ ወንድ አንዲት ሴት ሲጎትትና መሬት ላይ ሲጥል አየሁ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰው ቆሞ እንደነበር፣ ሽዋርትዝ ራሱም ፈርቶ ሮጦ እንደሸሸ ተናገረ። አስከሬኗን ሲያሳዩትም እሷ ናት አለ።

የእርስዎ ድምዳሜ ይሄ ነው። ፖሊስ ሽዋርትዝን አላመነውም። ከመንገዱ ማዶ የቆመው ሁለተኛው ሰው የገዳዩ ግብረ አበር ነው። ሽዋርትዝ ይሄ ሁለተኛ ሰው የያዘውን ለፖሊስ ፒፓ ብሎ ለጋዜጣ ቢላዋ ስላለ ዋሽቷል። አስከሬን ምርመራው ችሎት ላይ አለመጠራቱም ውሸቱ እንደተነቃበት ያሳያል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ትልቁ እሱ ስለሆነ።

ዋና ኢንስፔክተር ዶናልድ ስዋንሰን ኦክቶበር 19 ቀን 1888 ለበላዮቹ ከጻፈው ሪፖርት የጠቀሱት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «ሽዋርትዝ የሚታመን ከሆነ…»። እዚያ ላይ ነጥብ አስቀምጠው «አያችሁ፣ ፖሊሱ ራሱ ተጠራጥሮታል» ብለው አለፉ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እዚያ አያልቅም። በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው የሚለው፦ «ሽዋርትዝ የሚታመን ከሆነ፣ ቃሉን የያዘው የፖሊስ ሪፖርትም ምንም ጥርጣሬ አያሳድርበትም፣ ሁለቱ የገለጹት የተለያዩ ሰዎችን ከሆነ፣ ከሁለቱ ገዳይ የመሆን ዕድሉ የሚበልጠው ሽዋርትዝ ያየው ሰው ነው።»

መሀል ላይ ያለችውን ሐረግ ለምን ዘለሏት? ጥርጣሬ የለም የምትለዋን ሐረግ ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ጥርጣሬ ነው ማለት አይቻልም።

እኛ ሰፈር ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ «ባትሪው ደህና ከሆነ፣ ለክቼውም ምንም አላገኘሁበትም፣ ችግሩ ዳይናሞው ነው» ቢለኝ፣ ባትሪው ተበላሽቷል አለኝ ብዬ አዲስ ባትሪ ልገዛ አልሄድም። «ከሆነ» ያለው መነሻ ሊያስቀምጥ ነው። ስዋንሰንም እንደዚያ ነው ያደረገው። ሊመልስ የፈለገው ጥያቄም ሽዋርትዝ ይዋሻል ወይስ አይዋሽም የሚል አልነበረም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ35 ላይ አንድ ፓትሮል ፖሊስ እዚያው መንገድ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው ቆመው አይቷል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሽዋርትዝ የራሱን አየ። ሁለቱ ያዩዋቸው ወንዶች የተለያዩ ከሆኑ ለግድያው የሚቀርበው የትኛው ነው? የዓረፍተ ነገሩ ሥራ ይሄን መመለስ ነው።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ የሚደግፍ የሚመስል ነገር ልጨምር፤ መደበቅ አልፈልግም። «የፖሊስ ሪፖርቱ ጥርጣሬ አያሳድርበትም» የሚለው ሐረግ ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ እኛ ፖሊሶች አንጠራጠረውም። ሁለተኛው፣ ከጣቢያ የመጣልኝ ወረቀት ላይ ጥርጣሬ ተጽፎ አላየሁም። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስዋንሰን የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ነው፣ ስለ ሰውየው ፊት ወይም አነጋገር አይደለም። ከአንደኛው የሚሳሳ ነው፤ የምስክር ወረቀት አልሰጠውም። ግን በሁለቱም አነባበብ «አላመነውም» የሚል ነገር አይወጣም።

ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ጠማማ መሆኑን ያየነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሪፖርቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲደርስ አንድ ባለሥልጣን ኅዳጉ ላይ «ይሄ ትንሽ የተምታታ ነው» ብሎ ጽፎ፣ ስዋንሰን ምን ማለቱ እንደሆነ በራሱ ቃል ሊተነትን ሞክሯል። በዚያው ወር፣ በዚያው ከተማ፣ ያንኑ ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው ቆም ብሎ ያሰበበትን ዓረፍተ ነገር ነው እርስዎ በሦስት ቃል የጨረሱት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ግብረ አበሩ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ የቤቴን ታሪክ ልንገርዎት። ከነገሩ አልወጣም።

አክስቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ በፊት የነበረው የገበሬ ሰፈር ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር ላይ ግን ኦሮምኛ ይቀናታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤቷ ፊት ለፊት የአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ ማታ ተደበደበ። ያየችው እሷ ነበረች። ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ስትሰጥ፣ መርማሪው ኦሮምኛ ስለማይችል እዚያው ለሌላ ጉዳይ የመጣ አንድ ልጅ አስተረጎመላት። ያየችውን ተናገረች። አንድ ጎረምሳ ዘበኛውን ሲመታው ነበር፤ ከዚያ «ኢሳን ዱፋን» አለች፤ ከዚያ ጎረምሳው ሮጠ።

«ኢሳን ዱፋን» በኦሮምኛ «እነሱ መጡ» ነው። «እሳቸው መጡ»ም ነው። ያው አንድ ቃል ነው። አክስቴ ያለችው ባትሪና ዱላ ይዘው ሊገላግሉ ስለወጡ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ነው፤ እኚህን ሰውዬ ሞታ ብትገኝ «እሱ» አትላቸውም። ልጁ ግን «እነሱ መጡ» ብሎ ተረጎመው። መርማሪውም «እነሱ መጡ» ብሎ ጻፈው። አነበቡላት፤ በአማርኛ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሻራዋን አሳረፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርተው «ግብረ አበሮቹ ስንት ነበሩ?» አሏት። ምን ግብረ አበር? ሌላ ሰው አልነበረም አለች። «ቃልዎን እየቀየሩ ነው እኮ» አሏት። እሷ ቃሏን አልቀየረችም። አዛውንቱ ራሳቸው ጣቢያ ድረስ ሄደው «የመጣሁት እኔ ነኝ» ባይሉ፣ መዝገቡ ላይ እስከ ዛሬ አንድ የሌለ ቡድን ይኖር ነበር፣ አክስቴም ቃሏን የምታምታታ ምስክር ሆና ትቀር ነበር። ማንም ክፉ አልሠራም። ልጁ ሊረዳት ነው የገባው፣ መርማሪውም የሰማውን ነው የጻፈው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 27 ላይ፣ የተያዘ ሰው ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ከሆነ ብቁ አስተርጓሚ ይሰጠዋል፣ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል ይላል። ለተጠርጣሪ የተጻፈ ነው። ለምስክርም ያው ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባ ነበር ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አምናለሁ።

እና ሽዋርትዝ። «ስታር» የተባለው የለንደን ጋዜጣ ኦክቶበር 1 ላይ እንደጻፈው፣ ሽዋርትዝ ሌማን ስትሪት ጣቢያ የሄደው የሚያስተረጉምለት ጓደኛ ይዞ ነው። የእሱ አፍ፣ የጓደኛው አፍ፣ የጸሐፊው ፖሊስ እጅ። ከዚያ ኢንስፔክተር ፍሬድሪክ አበርላይን ጠየቀው። ከዚያ ስዋንሰን አሳጠረው። ዋናው የቃል ወረቀት ዛሬ የለም፤ በእጃችን ያለው የስዋንሰን ማጠቃለያ ነው። እርስዎ «ሽዋርትዝ እንዲህ ብሏል» እያሉ ቃል በቃል የሚመነዝሩት ጽሑፍ ውስጥ ከሽዋርትዝ አፍ እንዳለ የወጣ ብለን ልንምልለት የምንችለው ምናልባት አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱም «ሊፕስኪ» ነው፤ ስም ስለሆነ አይተረጎምም።

በዚህ ስም ላይ ነው ግብረ አበሩን የሠሩት። ሴትዮዋን የጣላት ሰው «ሊፕስኪ» ብሎ ጮኸ። እርስዎ በአማርኛ «ማዶ ለቆመው ጓደኛው ሊፕስኪ ብሎ ጮኸለት» ብለው ጻፉት። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ መዝገቡ ላይ የሌሉ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው «ጓደኛው» ነው። ስዋንሰን በግልጽ ያስቀመጠው፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው ይሁኑ ወይም ይተዋወቁ ሽዋርትዝ ሊናገር እንደማይችል ነው። ሁለተኛው ይቺ «ለት» ናት፤ ይቺ ትብሳለች። አማርኛ እዚህ ጋ ያስገድዳል። አንድ ሰው «ጮኸለት» ስንል ለወገኑ ነው፣ «ጮኸበት» ስንል በጠላቱ ወይም በሚሰድበው ሰው ላይ ነው። እንግሊዝኛው ይሄን አይለይም፤ ስሙን ጠርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ጮኸ ነው የሚለው፣ እሱንም «ይመስላል» ጨምሮበት። «ለት» ስትገባ ሰውየው ግብረ አበር ሆነ። «በት» ብትገባ ደግሞ ተሰዳቢ ይሆን ነበር። ማስረጃ ያሉት ነገር ከሁለት ፊደል ነው የመጣው፣ ፊደሎቹን የጨመሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

አበርላይን ኖቬምበር 1 ላይ በዚህችው ጉዳይ ሌላ ሪፖርት ጽፏል፤ በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስሙ ወደ ማን እንደተጮኸ ሽዋርትዝን አጥብቄ ጠይቄው ነበር፣ መናገር አልቻለም ይላል። ቀጥሎ የራሱን ግምት ያስቀምጣል። እስራኤል ሊፕስኪ የሚባል አይሁዳዊ በ1887 ሚርያም ኤንጅል የተባለች ሴት ገድለሃል ተብሎ ተሰቅሏል። ግድያው የተፈጸመው ባቲ ስትሪት ነው፣ ከበርነር ስትሪት ቀጥሎ ያለው መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በሰፈሩ አይሁዳውያን ላይ የሚወረወር ስድብ ሆኗል። ሽዋርትዝ ደግሞ መልኩ አይሁዳዊ መሆኑን ይናገራል፤ ቆሞ ሲያይ ነበርና ስድቡ የተወረወረው በራሱ በሽዋርትዝ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ ይላል አበርላይን። የወንጀል ምርመራው ኃላፊ ሮበርት አንደርሰንም ኖቬምበር 5 ላይ የመሥሪያ ቤታቸው አቋም ይኸው እንደሆነ ጽፏል።

ማታ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ቆሞ አንድ ሰው «አንተ!» ብሎ ቢጮህ ስንት ሰው ዞር ይላል? ሦስት ሰው ባለበት ጨለማ መንገድ፣ በማይሰማው ቋንቋ መሀል የቆመ ሰው «ወደ ማን እንደሆነ አላውቅም» ማለቱ ለእኔ የታማኝነት ምልክት ነው። ውሸታም ቢሆን ይመርጥ ነበር።

ከዚሁ ጋር «አሳደደው» የሚለው ቃልዎ አለ። ስዋንሰን ሁለተኛው ሰው «ተከተለው» ነው ያለው። አበርላይን፣ ሽዋርትዝን ራሱ የጠየቀው ሰው፣ ከዚህም ይጠነቀቃል። ሰውየው በዚያው አቅጣጫ ሮጧል፤ ግን እያሳደደው ይሁን ወይስ እሱም እንደ ሽዋርትዝ ደንግጦ እየሸሸ ይሁን አይታወቅም ይላል። ከ«በዚያው አቅጣጫ ሮጠ» ወደ «ተከተለው»፣ ከ«ተከተለው» ወደ «አሳደደው»። ቃሉ እጅ በቀየረ ቁጥር ሰውየው ክፉ እየሆነ ሄደ። ምናልባት እኮ ሁለት የፈሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ የሚሮጡ።

ቢላዋውና ፒፓው ላይ ብዙ አልቆይም። ፖሊስ ዘንድ ሁለተኛው ሰው ፒፓ እየለኮሰ ነው፤ ስዋንሰንም አበርላይንም ያንኑ ጽፈዋል። በ«ስታር» ላይ ግን ከመጠጥ ቤት በር የወጣ ሰው ነው፣ ቢላዋ ይዟል፣ የሚጮኸውም እሱ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ጋዜጠኛው ራሱ የእኔ ሃንጋሪኛ ከእሱ እንግሊዝኛ አይሻልም ነበር፣ አስተርጓሚ ግን እዚያው ተገኘ ብሎ ጽፏል። ያ ጋዜጣ ደግሞ የሚሸጥ ታሪክ የሚፈልግ ነበር። ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መዋሸቱን አያረጋግጡም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አምናለሁ፤ ጠንካራ ማስረጃዎ እሱ ነው፣ ግን በአንድ መስመር ነው ያለፉት። «ስታር» በማግሥቱ፣ ኦክቶበር 2 ላይ፣ የሌማን ስትሪት ፖሊሶች የሃንጋሪውን ታሪክ እውነትነት የሚጠራጠሩበት ምክንያት አላቸው ብሎ ጽፏል። ይሄ ቀላል አይደለም። ከጣቢያው አንድ ሰው የሆነ ነገር ለጋዜጠኛው ሹክ ብሎት ይሆናል። ግን ቀኖቹን ይደርድሯቸው። ጥርጣሬው የተጻፈው ኦክቶበር 2 ነው። «ጥርጣሬ አያሳድርበትም» የተባለው ኦክቶበር 19 ነው፣ ያውም በጋዜጣ ሳይሆን ለሚኒስቴር በተላከ ሪፖርት ላይ። መጀመሪያ ጥርጣሬ ነበረ ቢባል እንኳ ከ17 ቀን በኋላ ወረቀቱ ላይ አልቀረም።

የችሎቱ ነገር ቀረ። የስትራይድን አሟሟት የመረመረው ችሎት ኦክቶበር 1 ተጀምሮ ኦክቶበር 23 አለቀ። በጋዜጦቹ ዘገባ ውስጥ ሽዋርትዝ የለም። ልክ ነዎት። ታዲያ አንደርሰን ኖቬምበር 5 ላይ «ሽዋርትዝ በችሎቱ በሰጠው ምስክርነት» ብሎ የጻፈውን ምን ልናደርገው ነው? ተሳስቶ ይሆናል። ወይም ቃሉ በሌላ መንገድ ቀርቦ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ችሎቱ ካለቀ ከሳምንት በላይ ቆይቶ አበርላይን «ሊፕስኪ» ወደ ማን ነው እያለ ይጽፋል፣ አንደርሰን የመሥሪያ ቤቱን አቋም ለሚኒስቴር ይልካል። ውሸታም ብለው በጣሉት ሰው አንዲት ቃል ላይ እነዚህ ሁሉ ባለሥልጣናት ለምን ቀለም ያፈስሳሉ?

በአንድ ነገር እንስማማለን፣ ደስ ብሎኝም ነው የምጽፈው። ሽዋርትዝ ያየው ሰው ገዳዩ ነው ብለው የሚምሉትን ተቃውመዋል፤ ትክክል ነዎት። ስዋንሰንም በዚያው ሪፖርት፣ ሰውየው ትቷት ሄዶ ሌላ ሊመጣ የሚችልበት ደቂቃ ነበረ፣ ስለዚህ ገዳይነቱ በግልጽ አልተረጋገጠም ብሏል። እዚያ ለመድረስ ግን ምስክሩን ውሸታም ማድረግ አያስፈልግዎትም ነበር። ያየውን አይቷል፣ የቀረውን አላየም።

ጽሑፍዎን እንዲያነሱት አልጠይቅም። ሦስት ነገር ቢያርሙልኝ ይበቃኛል። የስዋንሰንን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ያስገቡት። «ጓደኛው» የሚለውን ያውጡት። «ጮኸለት» ያሉትንም «ጮኸ» ብቻ ያድርጉት።